የእርሾው ሱባዔ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በጥቅምት ወር መጨረሻ፥ በሲኤምሲ ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በምኖርበት ፎቅ ላይ ደጃፏ ከደጃፌ ፊት ለፊት የሚተያይ አንዲት ጎረቤቴ፥ የአባቷን የዐርባ ቀን ተዝካር ለማውጣት ወደ መርሐ ቤቴ ልትሄድ ስትነሣ፥ በሃይላንድ ጠርሙስ እስከ ግማሹ የተሞላ ቢጫ ውሃ ይዛ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «ጋሼ፥ ይቺን እርሾ አደራ፤ ቤቴን ዘግቼ፥ ቆጣሪውንም አጥፍቼ መሄዴ ነው፤ እርስዎ ፍሪጅ ውስጥ ጥግ ይዛ ትቀመጥልኝ። እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ በቅል ይዛልኝ የመጣችው ናት» አለችኝ። ዐሥር ቀን ብላ የሄደችው ሴት የውርስ ነገር ተጨምሮባት ሁለት ወር ቆየች። በዚህ መካከል የጠርሙሱ ውሃ ላይ ላዩ ጠቆረ፥ ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተኛበት፥ ሽታውም ከፍሪጁ አልፎ ወጥ ቤቱን ያዘው፤ አብራኝ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ «ይኼ ነገር ሞቷል» እያለች ሦስት ጊዜ ልትደፋው ተነሥታ ሦስት ጊዜ አስጣልኋት። ባለቤቲቱ ተመልሳ ከአዲስ ሊጥ ጋር ባቦካችው ጊዜ፥ በመጀመሪያው ቀን ዝም አለ፥ በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግን በሊጡ ፊት ላይ አረፋ ጣል ጣል ብሎ ታየ፥ አብሲት ከተጣለበት በኋላም የሊጥ ዕቃውን ክዳን እስኪገፋ ድረስ ኩፍ አለ።

ሠላሳ ዓመት ያህል የሕይወትን ሳይንስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፥ በዚያ ማለዳ ያፈርሁት በእኅቴ ልጅ ሳይሆን በራሴ ነበር፤ ምክንያቱም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሕዋስን ክብ አድርጌ እየሣልሁ፥ እንዴት እንደሚያድግና እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል በቀስት እያመለከትሁ ሳስረዳ፥ ምግብ በጎደለበት ጊዜ እንዴት እንደሚቆም ለማስተማር ግን አንዲት ክፍለ ጊዜ እንኳ ሰጥቼ አላውቅም። ማደግን ሥራ፥ መቆምን ግን የሥራ መቅረት አድርገን መቍጠር ልማዳችን ሆኗል፤ ስለዚህም የቆመውን ሁሉ «ሞቷል» እያልን ለመድፋት እንቸኩላለን። እርሾ ግን በረኀብ ጊዜ የሚያደርገውን ነገር ላስተዋለ ሰው፥ መቆሙ ከማደጉ የማያንስ፥ እንዲያውም ሥርዐቱ የጠበቀና ዝግጅቱ የበዛ ሥራ ሆኖ ይገኛል። የጎረቤቴን ጠርሙስ ሁለት ወር ጠብቆ ያኖራት የእኔ ፍሪጅ ብቻ አልነበረም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። በወጥ ቤታችን እርሾ የምንለው ያ ቢጫ ውሃ የአንድ ፍጥረት ማደሪያ አይደለም፤ ወተትን የሚያረጉትን የሚመስሉ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎችና ከፈንገስ ወገን የሆኑት፥ ሊቃውንቱ እርሾ ብለው የሚጠሯቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት በማኅበር የሚኖሩበት ነው። እኔ የምናገረው ስለ እነዚህ ስለ ኋለኞቹ ሲሆን፥ ከእነርሱም ይልቁንም ብዙ ስለተመረመረው፥ ዳቦን ስለሚያነሣውና ጠጅንና ቢራን ስለሚያፈላው፥ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ ስለተባለው ነው። ሁለት መቶ የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንድ ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ ይይዛሉ። ስኳሩ፥ ናይትሮጅኑና ሙቀቱ ሲሟላለት ይህ ፍጥረት ከጎኑ እንቡጥ አውጥቶ በ90 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ራሱን ያበዛል፤ ለዚህም ሲል ፕሮቲን የሚሸመንባቸውን ራይቦዞም የተባሉ መሣሪያዎች በየደቂቃው ወደ 2,000 የሚጠጉ ይሠራል። ይህን ቍጥር መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ወጪ ያለበት ቤት ገቢው በድንገት ቢቋረጥ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዳሩ ግን የእርሾ ቤት አይፈርስም። ለምን እንደማይፈርስ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተዋለው አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል ነው። እርሱም በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ) የመከፋፈል ሥርዐታቸው የተበላሸባቸውን እርሾዎች እየለቀመ ሲመረምር፥ ሕዋሱ በዕድገቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ደጃፍ እንዳለው፥ ያን ደጃፍ ሳያልፍ እንቡጥ እንደማያወጣ፥ ካለፈው በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ እንደሌለ አሳየ፤ ደጃፉንም «መነሻ» ብሎ ሰየመው፤ በዚህና ከዚህ በተያያዘው ሥራው ከሁለት እንግሊዛውያን ጋር በ2001 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በ1977 እርሱና ባልደረቦቹ እንደጻፉት፥ ምግብ በሚጎድልበት ጊዜ ደጃፉን አስቀድመው ያለፉት ሕዋሳት ባላቸው ስንቅ የጀመሩትን እንቡጥ ከፍጻሜ ያደርሳሉ፥ የሚወለደው ልጅ ትንሽ ቢሆንም ይወለዳል፤ ደጃፉን ያላለፉት ግን ባሉበት ይቆማሉ። በረኀብ ዘመን ከእርሾ ማኅበር መካከል በእኩሌታ ተከፍሎ የቀረ ሕዋስ የሚገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ግንብ ሊሠራ የሚወድድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ሊቈጥር እንደሚገባው በወንጌለ ሉቃስ የተጻፈውን ምሳሌ ያልሰማ አንባቢ አይኖርም። ሲኤምሲ ራሱ ስሙን የወሰደው ከአንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ድርጅት ሲሆን፥ እኔም በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ወደ መሪና ወደ አያት አቅጣጫ ስመለከት፥ አምስተኛው ፎቅ ላይ ደርሶ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደ ተዘረጋ የቀረ፥ የባሕር ዛፍ መወጣጫው በዝናም ብዛት ግራጫ የሆነ፥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሕንፃ ይታየኛል። ከሥሩ ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ እርሷ እንደምትለው ከሥራው የቀረው ነገር የእርሷ ጀበና ብቻ ነው። በባለቤቱ ላይ አልፈርድም፤ የሲሚንቶ ዋጋ ሲወደድ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ነገር ግን ዐይን የሌለው፥ አእምሮ የሌለው፥ በአንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ቍጥሩ ከከተማችን ሕዝብ የሚበልጥ ፍጥረት ኪሳራውን ሳይቈጥር መሠረት አለመጣሉን ባሰብሁ ቍጥር ያንን ሕንፃ እመለከታለሁ።

አሁን ወደ ሊጡ ልመለስ፥ ምክንያቱም ረኀብና ጥጋብ በየተራ የሚፈራረቁበት፥ ማንም የቤት እመቤት በየሳምንቱ የምታካሂደው ምርመራ በዚያ አለ። ጤፉ ከውሃና ከእርሾ ጋር በተቦካ ጊዜ ሕዋሳቱ የሚያገኙት ስኳር ብዙ አይደለም፤ ከዱቄቱ አብዛኛው እጅ ስታርች ነውና፥ ስታርችም እንዲሁ ጥሬውን ሳለ በቀላሉ የሚበላ ነገር አይደለም። ያችን ያለችውን ስኳር እየተሻሙ ይበሏታል፥ ጋዝ ይወጣል፥ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ከዚያም ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ አረፋው ይከስማል፥ ሊጡ ወደ ሥር ይሰፍራል፥ ቢጫው ውሃ ከላይ ይጠልላል። ይህ የረኀቡ ሰዓት ነው። ልጅ ሆኜ እናቴን ሊጡ ለምን ተኛ ብዬ ስጠይቃት፥ ደክሞት ነው ትለኝ ነበር። ከዚህ በኋላ ባለሙያዋ ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ ከውሃ ጋር በእሳት ላይ ታማስለዋለች፥ እስኪወፍርም ድረስ ታበስለዋለች፤ ይህም አብሲት ነው። በመፍላቱ ምክንያት የስታርቹ ቅንጣት አብጦ ይፈታል፥ የእህሉም ሆነ የደቂቃኑ ፍጥረታት አቅላጭ ፕሮቲኖች በቀላሉ ወደ ስኳር ይቈራርጡታል፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ሲመለስ፥ ለተራበ ማኅበር የተዘረጋ ማዕድ ይሆናል። ሊጡም ሳይውል ሳያድር ኩፍ ይላል፥ እንጀራውም ዐይን ያወጣል።

እዚህ ላይ የምንመለከተው ፍጥነት ተራ ነገር አይደለም። ስኳር ለተራበ የእርሾ ሕዋስ ሲመለስለት፥ ወሬው ከሕዋሱ ቅርፊት ተነሥቶ ከመልእክተኛ ወደ መልእክተኛ እየተላለፈ፥ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራይቦዞም እንዲሠራ ትእዛዝ ይወጣል። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ ራስ ይባላል፤ ስሙ የመኳንንቶቻችንን ማዕረግ ቢመስልም የመጣው በአይጥ ላይ ከተገኘ ዕጢ ስያሜ ነው። ራስ ሲነቃ ሕዋሱ ያድጋል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ራስ ይተኛል፥ ሕዋሱም ይቆማል። ተመራማሪዎች ይህን መልእክተኛ አበላሽተው፥ ሁልጊዜ ነቅቶ «ስኳር ሞልቷል፥ እደጉ» እያለ እንዲያውጅ ባደረጉት ጊዜ፥ በጥጋብ ወራት ልዩነት አልታየም፤ ረኀብ በመጣ ጊዜ ግን እነዚያ ሕዋሳት መቆም አቃታቸው፥ ስንቅም አላከማቹም ነበርና ጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸው ሳምንታት ሲሰነብቱ እነርሱ ቀድመው አለቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእነርሱ ነው። ይህ ደግሞ የእርሾ ጣጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሰው ራስ በእርሾ ውስጥ ገብቶ ሥራውን እንደሚሠራ በ1985 ተረጋግጧል፥ በእኛም ሰውነት ውስጥ ይኸው ጂን ተበላሽቶ ሁልጊዜ ነቅቶ ሲገኝ ከሚያስከትላቸው ነገሮች አንዱ ካንሰር ነው።

ጠጅ ግን ሌላ ዐይነት ረኀብ ያሳየናል። ብርዙ በተበረዘ ጊዜ ስኳር ሞልቶ ተርፎታል፤ ማር ግን ከስኳርና ከውሃ በቀር በውስጡ ያለው ነገር ጥቂት ነው፥ ፕሮቲኑ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ እርሾው በስኳር ባሕር ውስጥ ሆኖ ናይትሮጅን ይራባል። ሥጋና እንቍላል በሌለበት ቤት ስኳር ብቻ እየላሰ ሊያድግ የሚሞክር ልጅ ማለት ነው። በአውሮፓ የማር ወይን የሚጠምቁ ሰዎች የናይትሮጅን ጨው የሚጨምሩበት በዚህ ምክንያት ነው፤ የእኛ ጠጅ ጣዮች በትዕግሥት ይጠብቃሉ። ታዲያ ሕዋሱ ስኳሩ ሞልቶ ሳለ ናይትሮጅኑ እንደ ጎደለ በምን ያውቃል? መልሱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው መንገድ ነው። በ1964 ራፓ ኑኢ ከተባለችው፥ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ለብቻዋ ከምትገኝ ደሴት የአፈር ናሙና ተወሰደ፤ በሞንትሪያል ከተማ ሱሬንድራ ሴህጋል የተባለው የህንድ ተወላጅ ሊቅና ባልደረቦቹ በዚያ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ፈንገስን የሚያቆም መድኃኒት አወጡ፥ በደሴቲቱም ስም ራፓማይሲን አሉት። ከዚያም በ1991 በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሃይትማን፥ ሞቫና ሆል የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ይህ መድኃኒት በእርሾ ውስጥ የሚይዘውን ፕሮቲን አግኝተው ቶር አሉት፤ ቶርም ናይትሮጅኑ መሙላቱንና መጉደሉን እየመዘነ ሕዋሱን ጨምር ወይም ቀንስ የሚል ሹም ሆኖ ተገኘ።

መድኃኒቱ የተጨመረበት እርሾ ምግብ በሞላበት መካከል ተቀምጦ እንደ ተራበ ሆኖ ይኖራል፤ ማደጉን ትቶ ይቆማል፥ ስንቅ ይቋጥራል፥ ቅርፊቱን ያጠነክራል። በሠርግ ቤት ማዕድ ላይ ተቀምጦ እጁን ሰብስቦ የሚጾም መነኩሴ ይመስለኛል። እንግዲህ የሚያቆመው ጉድለቱ ራሱ ሳይሆን ስለ ጉድለቱ የሚሰጠው ፍርድ መሆኑ በዚህ ታወቀ፤ የእርሾ መቆም መዛልና መድከም ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ በጥጋብ መካከል የሚቆምበት ምክንያት ባልነበረም። እናቴ «ደክሞት ነው» ያለችኝን ያረምሁት በዚህ ነው፥ እርሷ በሕይወት ሳትኖር። ያው መድኃኒት ከ1999 ጀምሮ ኩላሊት የተተከለላቸው ሕሙማን አካላቸው ባዕዱን ኩላሊት እንዳይገፋ ይሰጣል።

ከቆመ በኋላስ ምን ይሠራል? አንደኛው ሥራው የራሱን አካል መብላት ነው። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1988 በቶኪዮ የራሱን ቤተ ሙከራ ከከፈተ በኋላ፥ የተራቡ እርሾዎችን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ ሕዋሱ ያረጁና ለጊዜው የማያስፈልጉ ክፍሎቹን በትናንሽ ከረጢት እየጠቀለለ፥ ሊያቀልጣቸው ወደ ሆዱ ሲያስገባ አየ፤ ያለ ውጭ ርዳታ የሚኖርበትን ጥሪት ከቤቱ ዕቃ ያወጣል ማለት ነው። ለዚህ ግኝት ኦሱሚ በ2016 ብቻውን የኖቤልን ሽልማት ተሸለመ። ሁለተኛው ሥራው ስንቅ ነው፤ ዮሴፍ በግብጽ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንዳደረገው፥ ስኳሩ ገና ሊያልቅ ሲቃረብ፥ ጨርሶ ከማለቁ በፊት ግላይኮጅንና ትሬሃሎዝ የተባሉ የስኳር ክምችቶችን ይሰበስባል። ትሬሃሎዝ ስንቅ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ሲጠፋ የሕዋሱን ፕሮቲኖችና ቅርፊቶች ደግፎ ስለሚይዝ፥ በሲኤምሲ ሱቆች ሁሉ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው ደረቅ እርሾ ወራት ተቀምጦ ለብ ያለ ውሃ ሲነካው የሚነቃው ከብዙ በጥቂቱ በእርሱ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ነገር የቢራ ጠማቂዎች የሚወድዱት ነው፤ ስኳሩ ሲያልቅ ብዙ የእርሾ ዘሮች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይከብዱና ወደ ሥር ይሰጥማሉ፥ ከላይ ያለውም ይጠራል። በጋን ሥር ያለውን አተላ ለከብት የምንሰጥ ሰዎች ከውስጡ ስንት ሺህ ሚሊዮን ሱባዔ የገቡ ሕዋሳት አብረን እንደምንደፋ አስበን አናውቅም። ረኀቡ ሲበረታ፥ ናይትሮጅኑም ጨርሶ ሲጠፋ፥ የሁለት ወላጅ ዘር የያዘው ሕዋስ በውስጡ አራት ደረቅ ዘሮች አብጅቶ፥ የማይበላ የማይጠጣ ባሕታዊ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምተርከው የባዕድ ሊቃውንትን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከሃርትዌል ጋር በ2001 ከተሸለሙት አንዱ፥ ፖል ነርስ፥ የደከመበት እርሾ ሌላ ነው፤ እንቡጥ ሳያወጣ በመካከሉ እንደ ዱላ የሚሰበር፥ ናይትሮጅን ሲቀንስበት ደግሞ ቁመቱን አሳጥሮ ቶሎ የሚከፈል፥ በመጨረሻም ከጎረቤቱ ጋር የሚጋባ ነው። ስሙም ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ ይባላል። ፖምቤ በስዋሂሊ ቋንቋ ጠላ ማለት ነው፤ ጀርመናዊው ፓውል ሊንድነር በ1893 ይህን ፍጥረት ለይቶ የሰየመው ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጣ የማሽላና የዳጉሳ ዘመድ እህል ጠላ ውስጥ ስላገኘው ነው። ጠላውን የጠመቀችው ሴት ማን እንደነበረች የጻፈ የለም። እርሾው ግን በበርን ተጠና፥ በኤዲንበርግ ታወቀ፥ በስቶክሆልም ተሸለመ። ከምሥራቅ አፍሪካ በስሙ ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፥ እርሱም ቢሆን ትርጕሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

እኛስ? በ1962 ስቱዋርትና ጌታቸው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእንጀራን ጠባይ መርምረው በሊጡ ውስጥ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የተባለ እርሾ እንዳገኙ ጻፉ፤ በ1985 ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች በጤፍ ሊጥ ውስጥ ያላቸውን ድርሻ አሳየ፤ በ2006 ደግሞ በቀለ ባሕሩ፥ ተተምቀ መሐሪና ሞገሴ አሸናፊ ከ200 የጠጅ ናሙናዎች እርሾዎችን ለይተው፥ ሩብ ያህሉ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ መሆኑን፥ የቀሩትም ከሌሎች ብዙ ወገኖች መሆናቸውን ገለጹ። ይህ ሥራ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ዝርዝሩን ከተመለከትን፥ ማን በዚያ እንደሚኖር የሚነግረን እንጂ፥ የሚኖረው ፍጥረት በማር ውስጥ ናይትሮጅን ሲራብ፥ በሊጥ ውስጥ ከአብሲት በፊት ሲቆም፥ የሚያደርገውን የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ምናልባት የጠጃችን እርሾ በብዙ ትውልድ የማር ረኀብ ተፈትኖ ሌላው የማያውቀውን የቍጠባ ዘዴ ለምዶ ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፥ ግምት ደግሞ የሚለየው በምርመራ ነው። በናይትሮጅን ችግር የሚጠና ፍጥረት የሚፈልግ ወጣት ተመራማሪ ከሲኤምሲ ሳይወጣ ያገኘዋል።

ጊዜው ግን አጭር ነው ብዬ እፈራለሁ። በእኔ አካባቢ፥ ዛሬ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በተባለው፥ በባቡሩ መሥመር ግራና ቀኝ ከጉርድ ሾላ እስከ አያት በተሠሩት ፎቆች የሚገባው ቤተሰብ ብዙው ከአሮጌው መንደር ተነሥቶ የመጣ ነው፤ በግቢው ጓሮ የነበረው የማገዶ ቤት ቀርቶ በረንዳ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይተከላል፥ ውሃው በፈረቃ ይመጣል፥ መብራቱም ምጣዱ በጋለ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ማቡካቱን ትተው እንጀራ ከሱቅ መግዛት ይጀምራሉ። አልወቅሳቸውም፥ እኔም የሱቅ እንጀራ እበላለሁ። ነገር ግን ማቡካት የተተወበት ቤት የሊጥ ዕቃ አንድ ቀን ይታጠባል፥ ከመንዝ፥ ከጎጃም፥ ከመርሐ ቤቴ፥ ከወሎ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው እርሾም በቧንቧው ቀዳዳ ይወርዳል። እርሾ ረኀብን ይችላል፥ ብርድን ይችላል፥ ድርቀትንም ይችላል፤ መታጠቢያ ገንዳን ግን አይችልም።

በዚህ ውሃና መብራት በሚፈረቅበት አገር ስለ ፈንገስ ማሰብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ለእርሱ የምመልሰው፥ የምለምነው ነገር ርካሽ መሆኑን ነው፤ ርካሽ ያደረገውም ራሱ እርሾው ነው። ዝሆንን ለማቆየት ዱር ያስፈልጋል፥ ጤፍን ለማቆየት እንኳ አልፎ አልፎ እየዘሩ ማደስ ያስፈልጋል፤ እርሾ ግን መቆምን ስለሚያውቅ በጣት በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የእርሾ ስብስብ ከ4,000 በላይ ዘሮች ይዟል፤ በቤልጂየም በሳንክት ፊት ከተማ ደግሞ በ2013 የተከፈተ የዳቦ እርሾ ቤተ መዛግብት አለ፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ከ100 በላይ እርሾ በማሰሮ በማሰሮ ተቀምጦ በየጊዜው የራሱ ዱቄት እየተሰጠው ይኖራል። እኛም በ1976 የዕፀዋት ዘር ማዕከል ተብሎ የተመሠረተ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባል፥ ደቂቃን ፍጥረታትንም በኀላፊነቱ የያዘ ቤት አለን። የጤፍን ዘር በብርድ ክፍል እንዳኖረ ሁሉ፥ ጤፉን እንጀራ የሚያደርገውን ማኅበርም በየወረዳው እየለቀመ፥ ከየት እንደመጣ፥ ማን ሲያቦካው እንደኖረ መዝግቦ ቢያኖር፥ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የዐሥር ትውልድ የምርመራ ሥራ ያስቀምጥላቸዋል። የሚጻፈውም ስም የአገሩና የእመቤቲቱ ይሁን፤ እንደ ፖምቤዪቱ ጠማቂ ሳይጻፍ አይቅር።

ለመምህራንም አንድ ነገር እጨምራለሁ። በሚመጣው ዓመት ስለ ሕዋስ ስታስተምሩ፥ ሁለት ብርጭቆ ሊጥ ክፍል ውስጥ አኑሩ፤ ለአንዱ በሦስተኛው ቀን አብሲት ስጡት፥ ሌላውን ተዉት፥ ተማሪዎቹም በየሰዓቱ ከፍታውን በማስመሪያ እየለኩ ይጻፉ። ከእኔ የጥቁር ሰሌዳ ክብ ይልቅ ያስተምራቸዋል።

ቤት ለመቀየር ዕቃ የምታሰናዱ፥ ወይም ከእንግዲህ እቤቴ አላቦካም ብላችሁ የወሰናችሁ እኅቶችና እናቶች፥ የሊጥ ዕቃውን ከማጠባችሁ በፊት ከእርሾው አንድ የንጹሕ ብርጭቆ ያህል በጠርሙስ ቅዱ፥ ክዳኑን ጋዝ እንዲያስተነፍስ አላልታችሁ ግጠሙ፥ በወረቀት ላይ የማን ቤት፥ ከየት አገር፥ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሆነ ጽፋችሁ ለጥፉበት፥ እኩሌታውንም ለጎረቤት ስጡ። የጎረቤቴ ጠርሙስ በእኔ ፍሪጅ ውስጥ አሁንም ቦታዋን አልለቀቀችም፤ ከመርሐ ቤቴ የመጣውን እርሾ መሞከር የሚፈልግ የሰፈሬ ሰው ካለ ብርጭቆ ይዞ ይምጣ።